ምርመራው ነጻ ነው፤ ዋጋው ግን ስንት ነው?

ነሐሴ 2012ን ያስታውሱታል? ትምህርት ቤት ከተዘጋ አምስት ወር አልፎታል። በየሱቁ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ተቀምጧል። በየቀኑ የጤና ሚኒስትሯ የዶክተር ሊያ ታደሰ መግለጫ ይጠበቃል፤ ዛሬ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንት ሰው ተገኘበት፣ ስንት ሰው ሞተ። በዚያ ወር መንግሥት ማኅበረሰብ አቀፍ የኮሮና ምርመራ ዘመቻ ጀመረ። የመነሻ ዕቅዱ በአጭር ጊዜ ውስጥ 200 ሺህ ሰው መመርመር ነበር። ዘመቻው ሲጀመር በመላ አገሪቱ የተመረመረው ሰው በድምሩ ግማሽ ሚሊዮን አልሞላም፤ በመስከረም 2013 ግን ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ2012 ጥር ላይ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ትልክ ለነበረች አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ሆኖም ላቦራቶሪና መመርመሪያ ኪት ማሟላት የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ በየሰው ልብ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው፤ «ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ?»

ኮሮና አልፏል፣ ምን ያደርግልናል እንዳይሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን በአገራችን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በኅዳር 2018 ደግሞ በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ተረጋገጠ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ምን እንደሚባል አናውቅም፤ አንድ የጤና ባለሙያ በር አንኳኩቶ «ልመርምርዎት» ማለቱ ግን አይቀርም። በሩን የሚከፍቱት ደግሞ የእርስዎ እናትና አባት ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ጽሑፍ ምዕራብ ጎጃምን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ፍኖተ ሰላም የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ትንሽ አለፍ ብሎ ቡሬ አለች፤ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ። በከተማ ከምንኖረው ውስጥ ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ያሉት እዚያ አካባቢ፣ በጅጋ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫ ወይም ራቅ ብሎ በገጠሩ ነው። የአካባቢው ሰው ምርመራ አይወድም የሚባል ወሬም ሳይሰሙ አልቀሩም። የቅርብ ጊዜ ታሪኩን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጣት ተወግቶ፣ መድኃኒት ተይዞ

የጃቢ ጠህናን ወረዳ አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናዎ ይሣሉ። ጃቢ ጠህናን ፍኖተ ሰላምን የከበባት ወረዳ ናት። ቆላማው ክፍል፣ በተለይም ወደ ብር ሸለቆ ሲወርዱ፣ ወባ የታወቀ ነው። አያቶቹ በ1950 የነበረውን ታላቅ ወረርሽኝ ያወሩለታል፤ ያን ዓመት በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል ልጁን ሲያተኩሰው ምን እንደሆነ ለመጠርጠር ሐኪም አያስፈልገውም።

ይህ ገበሬ ልጁን ይዞ ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በስሟ ያውቃታል። ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1995 ወዲህ በአብዛኛው ገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች ተመድበዋል፤ ብዙዎቹም የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። የልጁን ጣት ትወጋለች፣ ጠብታዋን በመመርመሪያዋ ላይ ታደርጋለች፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ወባ ከሆነ እንደ ዓይነቱ ኮአርተም ወይም ክሎሮኪን እዚያው ትሰጠዋለች። አባትና ልጅ መድኃኒታቸውን ይዘው ከሰዓት በፊት ቤታቸው ይገባሉ።

ይኸው ገበሬ የጅምላ ዘመቻም ያውቃል። ከኅዳር 2001 ጀምሮ በአማራ ክልል «ማልትራ» የሚባል ዘመቻ በየጊዜው ሲካሄድ ቆይቷል። ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ የያዘ፣ በካርተር ማዕከል የተደገፈ ዘመቻ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሚሊዮኖች ተሰልፈው የዓይን መድኃኒት ወስደዋል። የሚሰጠው መጠን በቁመት መለኪያ ዘንግ ይወሰናል፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ካለም በዚያው የወባ ምርመራ ይደረግለታል። ያን ሁሉ ሰው ከቤቱ ያወጣው ዱላ ወይም ቅጣት አልነበረም። ሲመለስ በእጁ የሚይዘው ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር።

በማርኬቲንግ ሙያ የምንሠራ ሰዎች አንድ ምርት አልሸጥ ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ደንበኛው ምን ይከፍላል፣ ምንስ ያገኛል?» ብለን ነው። ክፍያው ብር ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ነው፣ ድካም ነው፣ ስም ነው፣ ፍርሃት ነው። የወባ ምርመራ በዚህ ሚዛን ሲታይ ለገበሬው ትርፋማ ነው። የሚከፍለው ግማሽ ቀን ነው፤ የሚያገኘው የልጁን ሕይወት ነው።

«ብታወቅስ ምን ይጠቅመኛል?»

ሁለተኛውን ምርመራ እርስዎም በደንብ ያስታውሱታል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ መመርመር ማለት ለብዙ ሰው የሞት ፍርድን በወረቀት መቀበል ነበር። መድኃኒት የለም፤ ካለም ዋጋው አይቀመስም። ውጤቱ ከታወቀ ትዳር ይፈርሳል፣ አከራይ ያስወጣል፣ ጎረቤት ቡና መጥራት ያቆማል። በዚያ ዘመን «አልመረመርም» ያለውን ሰው አላዋቂ ማለት አይቻልም። ሒሳቡን ሠርቶ ነው የቀረው።

በ1997 ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ምርመራውም ወደየጤና ጣቢያው ወረደ፤ ለነፍሰ ጡር እናቶች የክትትል አካል ሆነ፤ ለሚጋቡ ጥንዶችም የተለመደ ነገር ሆነ። በ1998 ግማሽ ሚሊዮን ያህል የነበረው የዓመቱ ተመርማሪ በ2002 ከ9 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ሕዝቡ በአራት ዓመት ውስጥ ባሕርዩን ከሥር መሠረቱ ቀይሮ አይደለም። ዘመቻውና ትምህርቱ የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። ከምርመራው በኋላ የሚመጣው ነገር መቀየሩ ግን ለሁሉም ጉልበት ሰጣቸው። «ብታወቅስ ምን ይጠቅመኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ።

ኮሮና ሲመጣ

አሁን ወደ መጋቢት 2012 እንመለስ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ነው። ወሩ ሳያልቅ በሽታው አማራ ክልል ደረሰ፤ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተዘጋባቸው። ካርታውን ካዩት ቲሊሊ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ናት። የቡሬ ነጋዴ፣ የቡሬ ሹፌር፣ በርበሬውን ጭኖ የሚሸጠው ገበሬ ዓይኑ እያየ ጎረቤት ከተማ ተዘጋች። ከዚህ የተማረውን ለመገመት አያዳግትም። አንድ ሰው ተመርምሮ ቢገኝበት ከተማው ሁሉ ይዘጋል።

መግለጫዎቹም ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ታማሚ በዕድሜው፣ በጾታው፣ በመኖሪያ ከተማውና በጉዞ ታሪኩ ይገለጽ ነበር። ስም አይጠራም። በአዲስ አበባ «የ40 ዓመት ሴት» ቢባል ማንም አያውቃትም፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ግን ከዱባይ ሰሞኑን የገባችው ሴት ማን እንደሆነች ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ይታወቃል።

ቃላቶቻችንንም ያስቧቸው። «በቫይረሱ የተጠረጠረ» እንል ነበር። «ተይዟል» እንል ነበር። ከለይቶ ማቆያ ሳይፈቀድለት የወጣውን ደግሞ «አመለጠ» አልነው። እነዚህ ቃላት ከሆስፒታል ይልቅ ለፖሊስ ጣቢያ ይቀርባሉ። ሙሉ መከላከያ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጥተው ጎረቤትን ሲወስዱ ያየ ልጅ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከዚህም የከበደ ነገር ነበር። በዕለታዊው መግለጫ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ሲነገር «በአስክሬን ምርመራ» የተገኙ የሚል አብሮ ይመጣ ነበር። ቀብርና ለቅሶ ትልቅ ቦታ ባለው አገር፣ እድሩ ድንኳን ሊተክል፣ ዘመድ ከሩቅ ሊደርስ በሚጠበቅበት ሰዓት፣ ምርመራ የሚለው ቃል ከሞት ጋር ተያይዞ ወደየቤቱ ገባ።

ገበሬያችን በነሐሴ

የምርመራ ዘመቻው የመጣው እንግዲህ ይህ ሁሉ ከታየና ከተሰማ በኋላ ነው። ወሩ ነሐሴ ነው። የጃቢ ጠህናኑ ገበሬ በቆሎው አድጓል፣ ዳጉሳው አረም ወርሶታል፣ ጤፉም እጅ ይፈልጋል። ጎተራው የሚሳሳበት የክረምት መጨረሻ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። ከወሩ መግቢያ እስከ አጋማሹ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ብዙ ሰው ጠዋትና ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው።

በዚህ መሐል ምንም ሳያመው «ና፣ ከአፍንጫህ ናሙና እንውሰድ» ይባላል። ይህን ምርመራ ከወባው ጋር ያወዳድረው። የወባው በ20 ደቂቃ መልስ ይሰጣል፤ የኮሮናው ናሙና ወደ ትልቅ ከተማ ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። በወባው መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ በኮሮናው የሚሰጠው ክኒን የለም። ወባ ቢገኝበት ጎረቤት «እግዚአብሔር ይማርህ» ይለዋል፤ ኮሮና ቢገኝበት ጎረቤት ይሸሸዋል። በወባው ማታ ቤቱ ያድራል፤ በኮሮናው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደታየው፣ ወደ ለይቶ ማቆያ ይወሰዳል። ያን ጊዜ ዳጉሳውን ማን ያርማል? ከብቱን ማን ያግዳል? ያውም ጤነኛ ሆኖ ከተሰማው!

ጉንፋን ቢመስለውም መፍትሔው በእጁ ነው፤ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይቀጠቅጣል። ስለዚህ ይህ ሰው ቢያመነታ መረጃ አጥቶ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚያመነታው። መድረክ ላይ ወጥተን «ምርመራው ነጻ ነው» ስንለው በውስጡ «ለእናንተ ነው ነጻ» ቢል አይፈረድበትም።

በ2012 ክረምት ቀላል ሕመም ያለባቸውና ምልክት የሌላቸው ሰዎች በቤታቸው ሆነው እንዲያገግሙ መፈቀዱ ትልቅ ለውጥ ነበር። የምርመራውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ቀነሰው። ወሬ ግን ከመመሪያ ይፈጥናል፤ በመጋቢት የተሰማው ፍርሃት በነሐሴም በየቤቱ ነበር።

ሀብታም አገርም አላመለጠም

ይህ የገጠር ወይም የድህነት ጠባይ ብቻ እንዳይመስልዎ። በጥቅምት 2013 ስሎቫኪያ ሕዝቧን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለመመርመር ተነሣች። አምስት ሚሊዮን ተኩል ከሚሆነው ሕዝቧ 3.6 ሚሊዮን ያህሉ ተመረመረ። ውጤቱ ወዲያው የሚደርስ ፈጣን ምርመራ ነበር፤ ያልተመረመረ ሰው ደግሞ ቤቱ እንዲቆይ ስለሚገደድ አለመመርመርም ዋጋ ነበረው። በዚያው ሰሞን የእንግሊዟ ሊቨርፑል ለነዋሪዎቿ ሁሉ በፈቃደኝነት ነጻ ምርመራ አቀረበች። በመጀመሪያው ወር አካባቢ በፈጣኑ ምርመራ የተጠቀመው ከአራት ነዋሪ አንዱ ያህል ብቻ ነበር፤ በድሃ ሰፈሮች ደግሞ ተሳትፎው ይበልጥ ዝቅ አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ የጃቢ ጠህናኑ ገበሬ ጥያቄ ነው፤ «ተገኝቶብኝ ከሥራ ብቀር ማን ይከፍለኛል?»

የጅምላ ምርመራን ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታያል። የታመመ ሰው የሚመረመረው ለራሱ ነው። ምንም ያላመመው ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ሲመረመር ግን ዋናው ተጠቃሚ ጎረቤቱ ነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ ስኳር ያለባቸው አባት ናቸው። ተመርማሪው ለሰው ብሎ ጊዜውን፣ ስሙንና ገቢውን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህ ልግስና ነው። እኛ ግን ለጋሹን እንደ ተጠርጣሪ ነበር ያስተናገድነው። እድር ያቋቋመ፣ ደቦና ወንፈል የሚያውቅ፣ ለጎረቤቱ ሬሳ የሚሸከም ሕዝብ ለሌላው መክፈል አይከብደውም። ሲከፍል ብቻውን እንዳይቀር ይፈልጋል።

ቤተሰብዎ ዘንድ ሲመጣ

ይህን ለዘመቻ አዘጋጆች ብቻ ትተን አንሄድም፤ የከተማው ቤተሰብ የራሱ ድርሻ አለው። በገጠር ላሉ ወላጆቻችን ስልክ የምንደውለው፣ ብር የምንልከው፣ ወሬውንም የምናደርሰው እኛ ነን። ቀጣዩ ምርመራ የወባም ይሁን የሌላ፣ የሚከተሉት ነገሮች ይረዳሉ።

ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። «እማዬ፣ ተመርመሪ ብያለሁ!» ከማለት «እማዬ፣ ምኑ ነው ያሳሰበሽ?» ማለት ይሻላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከበሽታው ጋር አይገናኝም። ላሟ ልትወልድ ይሆናል፣ የማኅበር ተራዋ ደርሶ ይሆናል፣ ከጎረቤት የሰማችው ነገር ይሆናል። ሥጋቷን ካላወቁ የሚነግሯት ሁሉ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው።

መልስ ይዘው ይደውሉ። ውጤቱ በስንት ቀን ይደርሳል? የሚነገረው ለማን ነው? ከተገኘ መድኃኒት አለው? ቤት ይቆያሉ ወይስ ይወሰዳሉ? የት? እነዚህን ከጤና ጣቢያው ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስቀድመው ያጣሩ። በኮሮና ጊዜ የለመድናቸው 8335 እና 952 የተባሉት ነጻ የስልክ መስመሮች ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተዘጋጁ ነበሩ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር ግን ቃል አይግቡ። «የትም አይወስዱህም» ብለውት አባትዎ ቢወሰዱ፣ ሌላ ጊዜ የሚሉትን አይሰሙም።

ዋጋውን ይጋሩ። ለበዓል ብር መላክ እናውቅበታለን። አባትዎ ለምርመራ ሲሄዱ የሚቀርባቸውን የቀን ሥራ ለሚሸፍን ሰው አበል መላክ ደግሞ ከበዓሉ ዶሮ የማይተናነስ ስጦታ ነው። ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ካለ፣ ቤት መቆየት ቢመጣ ከብቱንና ማሳውን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይነጋገሩ። በወንፈል የሚተባበር ጎረቤት ባለበት አገር ይህ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቀድሞ የሚያስብ ነው።

የሚታመነውን ሰው ያግኙ። እርስዎ የተማሩ ቢሆኑም በዚህ ጉዳይ ለእናትዎ ገና ልጅ ነዎት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የንስሐ አባታቸው ወይም የእድሩ ዳኛ አንድ ቃል ቢናገሩ ከእርስዎ አሥር ስልክ ይበልጣል። ሰው «አድርጉ» ከሚለው ይልቅ «እኔም አደረግሁት» የሚለውን ይከተላል። ስለዚህ የራስዎን ውጤትም አይደብቋቸው፤ «ተመረመርኩ፣ እንዲህ ሆነ፣ አሁን ደህና ነኝ» ይበሏቸው።

አፍዎን ይጠብቁ። የጎረቤት፣ የሠራተኛ ወይም የዘመድ ውጤት ወደ ጆሮዎ ቢደርስ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይልቀቁት። በእርስዎ ግሩፕ የተጻፈው ወሬ ሳይመሽ ማንኩሳ ይደርሳል፤ የአንድ ሰው ስም ሲጠፋ ያየ ሌላ አሥር ሰው ደግሞ ከምርመራ ይቀራል። ልጆችም ፊት «ያ በሽተኛ» አይበሉ። ልጆች የምንጠቀምበትን ቃል ነው የሚማሩት።

በመጨረሻም፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል በጤና ቢሮ፣ በዕርዳታ ድርጅት ወይም በመገናኛ ብዙኃን የሚሠሩ ብዙ ናችሁ። ቀጣዩን ዘመቻ ስታቅዱ ፖስተሩን ከማሳተማችሁ በፊት የአካባቢውን የእርሻና የጾም ወቅት ተመልከቱ፤ ውጤቱ በቶሎ የሚደርስበትን መንገድ አዘጋጁ፤ ቤቱ ለሚቆየው ሰው ቢያንስ እህልና ከብት ጠባቂ አስቡለት። «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃልም ለፖሊስ ተዉለት። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው የጸጥታ ችግር የጤና አገልግሎቱን ጎድቶታል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ዘመቻ ሰውን ከበፊቱ ይበልጥ ተዳክሞና ተጠራጥሮ ነው የሚያገኘው። የሚታመን ነገር ይዞ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በዚህ ሳምንት ወደ ቤተሰብ ሲደውሉ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ «ጤና ኬላችሁ ክፍት ነው? የወባ መመርመሪያና መድኃኒት አለ?» መልሱ «የለም» ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይደውሉ። «አለ» ከሆነ ደግሞ ቀጥለው ይንገሯቸው፤ ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ያን ቀን የሚቀረውን ሥራ እርስዎ ያስባሉ።